የቤት፣ የብድርና የውል ጠብ ሲነሳ፦ ማስረጃ ከመሰብሰብ እስከ ፍርድ ማስፈጸም

እውነት ይዞ የሚሸነፍ ሰው አለ። የሚሸነፈው ዳኛው ስላላመነው ብቻ አይደለም፤ ስምምነቱ በወረቀት ስላልሰፈረ፣ ቀኑ ስላለፈበት ወይም ከመክሰሱ በፊት መስጠት የነበረበትን ማስጠንቀቂያ ስላልሰጠ ነው። ሦስቱም ያለ ጠበቃ ሊስተካከሉ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ ዘግይቶ ከሆነ ግን ጎበዝ ጠበቃም አያስተካክላቸውም። ስለዚህ ይህ መመሪያ አብዛኛውን ቦታ የሰጠው ፍርድ ቤት ከመድረስ በፊት ላለው ሥራ ነው።

የተመሠረተው በኢትዮጵያ ሕግ ላይ ነው፤ በተለይ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ። ጠቅላላ ምክር ስለሆነ የእርስዎን ሰነድ ያነበበ ባለሙያ የሚሰጠውን ምክር አይተካም። ባለሙያው ዘንድ ሲሄዱ ግን ምን ይዘው እንደሚሄዱና ምን እንደሚጠይቁ ያሳያል።

1. መጀመሪያ የሚፈልጉትን ለይተው ይወቁ

«ሰውዬው በደለኝ» የሚለው አቤቱታ ክስ አይሆንም። ፍርድ ቤቱ የሚጠይቅዎ «ምን እንዲወሰንልዎ ይፈልጋሉ?» ብሎ ነው። በውል ጉዳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1771 የሚሰጥዎ መንገድ ይታወቃል፦ ውሉ ይፈጸምልኝ፣ ወይም ውሉ ይፍረስልኝ፤ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ደግሞ የደረሰብኝ ኪሳራ ይከፈለኝ። «ይፈጸምልኝ»ም «ይፍረስልኝ»ም ብሎ በአንድ ጊዜ መጠየቅ እርስ በርሱ ይጋጫል። ስለዚህ ቤቱን ነው የምፈልገው ወይስ ገንዘቤን? የሚለውን ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብለው ቀድመው ይወስኑ። ከዚህ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ፣ ማስጠንቀቂያውም ሆነ ክሱ፣ በዚህ ውሳኔ ላይ ይቆማል።

ቤትዎን ወይም ይዞታዎን ሰው በጉልበት ከያዘብዎ ወይም አጥር ከገፋብዎ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ ነው፤ በቁጥር 1149 መሠረት ይዞታዎ ከተነጠቀ ወይም ሁከቱ ከተፈጠረ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ይህ ክስ የሚጠይቀው ይዞታው በእጅዎ እንደነበር ማሳየትን ነው፤ የባለቤትነት ክርክር ከዚህ የተለየ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መባል አለበት። ብዙ ሰው ያበደረውን ገንዘብ ሲከለከል ወይም ኮንትራክተር ሥራ ጥሎ ሲሄድ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ውል አለመፈጸም በራሱ ወንጀል አይደለም። ሰውየው ከመነሻው በሐሰት አታሎ ገንዘብ ከወሰደ (የወንጀል ሕግ ቁጥር 692)፣ በአደራ የተሰጠውን ካጎደለ (ቁጥር 675) ወይም በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ከሰጠ (ቁጥር 693) ግን ወንጀል ሊሆን ይችላል። እንዲያም ሆኖ ፖሊስ ጋ ማመልከት የፍትሐ ብሔሩን ክስ አይተካም፤ ወራትም ያባክናል።

2. የጉዳዩን ታሪክ በአንድ ገጽ ያስፍሩ

አንድ ነጭ ወረቀት ይውሰዱ። በግራ ቀን፣ በመሐል የሆነው ነገር፣ በቀኝ ማስረጃው። ለምሳሌ፦

ሐምሌ 3 ቀን 2017 — የአልሙኒየም በርና መስኮት ሥራ ውል ተፈረመ — ውሉ፣ ሁለት እማኞች
ሐምሌ 4 ቀን 2017 — 240,000 ብር በባንክ ተላለፈ — የባንክ ደረሰኝ
መስከረም 10 ቀን 2018 — የማስረከቢያ ቀን አለፈ፤ ከ12 መስኮት የተገጠመው 4 — ፎቶ
መስከረም 14 ቀን 2018 — «እስከ ወር መጨረሻ ታገሠኝ» የሚል መልእክት — የቴሌግራም መልእክት

በቀኝ በኩል ባዶ የቀረ መስመር ካለ ጉዳይዎ የሚደክመው እዚያ ላይ ነው። «ተነጋግረን ነበር» የሚል መስመር ማስረጃ ከሌለው፣ ጠበቃው ከመስማቱ በፊት ማን እንደነበረና ማን ሊመሰክር እንደሚችል ስም ይጻፉበት።

ዋናውን ሰነድ ለማንም አይስጡ፤ ለደላላም፣ ለጉዳይ አስፈጻሚም፣ ለጠበቃም። ኮፒ ይበቃል፤ ዋናው ለማመሳከር ሲጠየቅ እርስዎ ይዘው ይቀርባሉ። የስልክ መልእክት ካለ አያጥፉ፣ ስልኩንም አይቀይሩ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ ግን መልእክቱ የማን እንደሆነ ማሳየት የእርስዎ ፈንታ ነው። ስለዚህ ስሙ ብቻ ሳይሆን የስልክ ቁጥሩና ቀኑ የሚታይበት ምስል ይያዙ።

3. ሕጉ «በጽሑፍ ካልሆነ አልቀበልም» የሚላቸው ውሎች

በመርሕ ደረጃ ውል በቃልም ይጸናል። የሚከተሉት ግን ልዩ ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም በእነሱ ነው።

ብድር። ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም (ቁጥር 2472)። 500 ብር ዛሬ ምንም አይደለም፤ ሕጉ የወጣው በ1952 ስለሆነ እንጂ። ውጤቱ ግን ከባድ ነው፦ አምስት ሰው ፊት 200,000 ብር ቆጥረው ቢያበድሩ፣ ተበዳሪው ከካደ አምስቱም ምስክሮች አይሰሙልዎትም።

«በባንክ ነው ያስተላለፍኩት» የሚለው መልስ ግማሽ መፍትሔ ነው። የባንክ ደረሰኝ ገንዘቡ መተላለፉን እንጂ ብድር መሆኑን አይናገርም። ተከሳሹ «አዎ ተቀብያለሁ፤ ግን የሸጥኩለት ዕቃ ዋጋ ነው» ካለ ክርክሩ ይከፈታል። ስለዚህ በሞባይል ባንኪንግም ሆነ በቴሌብር ሲልኩ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ብድር» ብለው ይጻፉ። ከዚያም በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ መጠኑ በአኃዝና በፊደል፣ የሚመለስበት ቀን፣ የተበዳሪው ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማና የሁለት እማኞች ፊርማ ይኑር። የግለሰብ ብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዲበልጥ መዋዋል አይቻልም። ተበዳሪ ከሆኑ ደግሞ በከፈሉ ቁጥር ደረሰኝ ወይም «ይህን ያህል ተቀብያለሁ» የሚል ፊርማ ይያዙ፤ ዕዳው ሲያልቅ የብድሩን ወረቀት ተቀብለው ይቅደዱት።

ዋስትና። ዋስ የሚሆኑ ከሆነ ቁጥር 1922ን ይወቁ፦ ዋስትና በግልጽ መነገር አለበት፤ ዋሱ ተጠያቂ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም። ለዘመድ ልጅ የሥራ ዋስ ሲሆኑ «ለሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልዎ፣ መጠኑ ይጻፍ ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው። ዋስ አስፈራሚ ከሆኑም መጠኑን መጻፍ ጥቅሙ ለእርስዎ ነው።

ቤት። እዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆይ፤ የሰው የዕድሜ ልክ ጥሪት የሚጠፋው በዚህ ነውና።

ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። በተግባር ሰው «ውልና ማስረጃ ሄደን እንፈራረም» የሚለው ይህንን ነው፤ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የሰነዶች ማረጋገጥና ምዝገባ አገልግሎት ነው፤ የሚመራበትም አዋጅ ቁጥር 922/2008 ነው። ቁጥር 1720 ደግሞ ሕግ ያዘዘው ፎርም ካልተሟላ ወረቀቱ ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም ይላል። ውል ፈራሽ ሲሆን ግራ ቀኙ ወደነበሩበት ይመለሳሉ፦ ሻጩ ቤቱን ያስቀራል፣ እርስዎ የከፈሉትን ይመለስልዎታል። ከአምስት ዓመት በፊት የከፈሉት ገንዘብ ዛሬ የዚያን ቤት ሩቡን እንኳ ላይገዛ ይችላል። በደላላ ቢሮ የተፈረመ «የመንደር ውል» አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከመፈረም በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ያጣሩ፦

— ካርታው ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ አንድ ነው? ስሙ በአንድ ፊደል ቢለያይ እንኳ ሻጩ አስተካክሎ ይምጣ። የካርታውን ኮፒ ይዘው ወደሚመለከተው የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት ይሂዱና በማኅደሩ ያለው ካርታ እርስዎ ካዩት ጋር አንድ መሆኑን፣ ቤቱም ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑን ያረጋግጡ። ይህ ማጣሪያ ሻጩ ሳይኖር አይሠራ ይሆናል፤ ሻጩ አብሮ ለመሄድ ካልፈለገ ያው ነው መልሱ።

— ሻጩ ያገባ ነው? በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት የጋራ የሆነ ቤት የሚሸጠው በባልና ሚስት ስምምነት ነው። አንዱ ብቻ ከፈረመ ሌላኛው መሸጡን ባወቀ በ6 ወር፣ ያም ባይሆን ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ይፍረስልኝ ሊል ይችላል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ቤቱ ያለበትን ክልል ሕግ ይጠይቁ። ያላገባ ከሆነ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይቅረብ።

— በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው ቤት መሸጥ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል? ቁጥር 2205 ለእንዲህ ያለ ሥራ ልዩ ውክልና ይፈልጋል። «ንብረቴን ያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ቃል ቤት አያስሸጥም። ውክልናው አለመሻሩን የሰጠው ቢሮ ዘንድ ያጣሩ፤ ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮት ይወድቃል። ውጭ አገር ያለ ሰው ውክልናውን የሚሰጠው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ሆኖ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ሻጩ በዋትስአፕ «እሺ ሽጥ» ማለቱ ምንም አይጠቅምም።

— የሽያጩ ዋጋ ሙሉውን ይጻፍ። ግብር ለመቀነስ ተብሎ 6 ሚሊዮኑን ቤት «1 ሚሊዮን» ብሎ የሚያጽፍ ገዢ ራሱ ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል። በጽሑፍ የሰፈረን ነገር በሰው ምስክር ማፍረስ አይቻልም (ቁጥር 2006)፤ ውሉ ቢፈርስ የሚመለስልዎ የተጻፈው 1 ሚሊዮን ነው።

ቀብድን በተመለከተ ቁጥር 1885 ይህን ይላል፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ለቆ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለው ደግሞ እጥፉን መልሶ መውጣት ይችላል። ሻጩ የተሻለ ገዢ ካገኘ እጥፍ ከፍሎ እንዲወጣ የማይፈልጉ ከሆነ፣ ውሉ ላይ «የተከፈለው ቅድሚያ ክፍያ ነው» ወይም «በቀብድ ምክንያት ማንም ወገን ከውሉ ሊወጣ አይችልም» ብለው በግልጽ ያጽፉ። «ቀብድ» እና «ቅድሚያ ክፍያ» የሚሉትን ቃላት አንድ አድርጎ መጻፍ ብዙ ክርክር ይወልዳል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይን በአጭሩ፦ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሥራ ላይ በዋለባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካል ቀርቦ ይመዘገባል፤ የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት አያንስም፤ አከራይ ከ2 ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ኪራዩን በእጅ የሚቀበል አከራይ ሲከራከሩ «ስድስት ወር አልከፈለም» ሊል ይችላል፤ ስለዚህ የሚከፍሉት በባንክ ይሁን።

ሁሉንም የጽሑፍ ውል የሚመለከት አንድ ጉዳይ ይቀራል። ቁጥር 1727 በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል በተዋዋዮቹ ሁሉ ተፈርሞ በሁለት እማኞች ይረጋገጥ ይላል። መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የሚያደርገው የጣት አሻራ ደግሞ በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ከእናት አባቶቻችን ጋር ሲዋዋሉ በተለይ ይህንን አይርሱ።

4. ይርጋ፦ ቀኑ አልፎብዎት ይሆን?

ይርጋ ማለት ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ ነው። ጠቅላላው የውል ይርጋ 10 ዓመት ነው (ቁጥር 1845)፤ የሚቆጠረው መብቱን መጠየቅ ከቻሉበት ቀን ጀምሮ ነው። ብዙ ሰው «አሥር ዓመት አለኝ» ብሎ ይዘናጋል፤ አጫጭሮቹን ግን አያውቅም። ተታልዬ፣ ተሳስቼ ወይም ተገድጄ ፈረምኩ የሚል ሰው ምክንያቱ ከተወገደ በ2 ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት (ቁጥር 1810)። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ዕቃውን ወዲያው መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማስታወቅ፣ ካስታወቀም በ1 ዓመት ውስጥ መክሰስ ይኖርበታል። ቼክ በወጣ በ6 ወር ውስጥ ለባንክ ይቅረብ።

ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ፣ ለምሳሌ ወለድ ወይም ከፊሉን ከከፈለ፣ ይርጋው ተቋርጦ እንደ አዲስ ይቆጠራል (ቁጥር 1851)። ስለዚህ ዘጠነኛው ዓመት ላይ ያለ አበዳሪ ከተበዳሪው 1,000 ብር በባንክ ቢያስከፍል ወይም «ዕዳዬ ይህን ያህል ነው» የሚል ፊርማ ቢያገኝ ትልቅ ነገር ነው። ተከሳሽ ከሆኑ ደግሞ ይርጋን ራስዎ ያንሱ፤ ፍርድ ቤቱ በራሱ አያነሳልዎትም (ቁጥር 1856)። መነሳት ያለበትም በመጀመሪያው መልስ ላይ ነው።

5. ማስጠንቀቂያ ይስጡ

በቁጥር 1772 መሠረት ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ለማለት አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎች በቁጥር 1775 ተዘርዝረዋል፤ ለምሳሌ ባለዕዳው አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀ ወይም ውሉ ራሱ «ቀኑ ካለፈ ያለ ማስጠንቀቂያ» ካለ። ቢሆንም ሁልጊዜ ይስጡ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ አለመስጠቱ ግን ክስ ሊያስጥል ይችላል።

እንዲህ ይጻፋል፦

*ቀን፦ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.*
*ለአቶ ……………*
*ጉዳዩ፦ ውል እንዲፈጽሙ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ*
*ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈራረምነው ውል መሠረት 240,000 ብር ተቀብለው 12 የአልሙኒየም መስኮቶችን እስከ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ገጥመው ለማስረከብ ተስማምተዋል። እስከ ዛሬ የተገጠሙት 4 ብቻ ናቸው። ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎ ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ቀሪዎቹን 8 መስኮቶች ገጥመው እንዲያስረክቡ እጠይቃለሁ። ከዚህ ጊዜ በኋላ ሥራውን የማልቀበል መሆኑን፣ ውሉ ፈርሶ ላልተሠራው ሥራ የከፈልኩት ገንዘብና የደረሰብኝ ኪሳራ እንዲከፈለኝ የምከስ መሆኑን አስታውቃለሁ።*

ትልቁ ክብደት ያለው «ከዚህ ጊዜ በኋላ አልቀበልም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ቁጥር 1774 የሚለው የችሮታ ጊዜ ይህ ነው። ጊዜው ምክንያታዊ ይሁን፤ የአንድ ወር ሥራን በ3 ቀን ጨርስ ማለት ማስጠንቀቂያውን ያዳክማል። ስድብ፣ «አጭበርባሪ» የሚል ቃል፣ ዛቻ አይኑርበት፤ ደብዳቤው ነገ ዳኛ ፊት ይነበባል። ውሉ እንዲፈጸም ብቻ የሚፈልጉ ከሆነ ደግሞ «ውሉ ፈርሶ» የሚለውን አይጻፉ።

አሰጣጡም ከአጻጻፉ እኩል ይመዘናል። በሁለት ኮፒ ያዘጋጁ፤ አንዱ ላይ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ብሎ ከቀን ጋር ይፈርም። እምቢ ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ። በቴሌግራምም ፎቶውን ይላኩለት፤ ማየቱ ከታወቀ ተጨማሪ ማስረጃ ነው።

6. ምክር ከማን ይጠየቃል፣ ምንስ ይጠየቃል?

ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች አቤቱታ መጻፍ ያውቃሉ፤ የትኛው ክስ እንደሚያዋጣ መምከር ግን ሥራቸው አይደለም። ከተዘጋጀ ቅጽ ላይ ስም ቀይረው የሚሰጡት አቤቱታ ዳኝነት ያልተጠየቀበት ሆኖ የሚመለስበት ጊዜ አለ።

የመክፈል አቅም ከሌለዎ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው የሚያካሂዱት ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። ጠበቆችም በየዓመቱ ነጻ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ ስለዚህ ነጻ አገልግሎት ይሰጡ እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከጠበቃው ጋር ሲገናኙ በዚህ መመሪያ ክፍል 2 የተዘጋጀውን ገጽ ያስቀምጡለትና እነዚህን ይጠይቁ፦ የክሴ ምክንያት የትኛው የሕግ ቁጥር ነው? ይርጋ ያግደኛል? ከማስረጃዎቼ የትኛው ይወድቃል? ተከሳሹ ምን ብሎ ይመልሳል? የዳኝነት ክፍያው ስንት ነው? ብረታ እንኳ ንብረቱን የት አገኛለሁ? «ጉዳዩ መቶ በመቶ ያሸንፋል» የሚል ጠበቃ ካጋጠመዎ ሌላም ያማክሩ። የጥብቅና ፈቃዱን ይዩ፤ የፌዴራል ፈቃድና የክልል ፈቃድ ይለያያሉ። የጥብቅና ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ክፍያው እስከ የት እንደሚያደርስ (ለመጀመሪያ ደረጃ ብቻ ነው? ይግባኝና አፈጻጸምን ይጨምራል?) ይጻፍ።

በተመሳሳይ ጉዳይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው ትርጉም ካለም ይጠይቁ። ይህ ትርጉም በሥር ፍርድ ቤቶች ሁሉ ላይ አስገዳጅ ነው፤ ውሳኔዎቹም በየቅጹ ታትመው ይወጣሉ።

7. ዕርቅ፣ ግን በወረቀት

ሽማግሌ ማስገባት ጥሩ ነው፤ ዓመታት የሚፈጅን ነገር በአንድ ቀን ይጨርሳል። የሚበላሸው ዕርቁ በቃል ሲቀር ነው። «በሦስት ወር 80,000 እከፍላለሁ» የተባለበት ስብሰባ ውጤት ተጽፎ በግራ ቀኙና በሽማግሌዎቹ ይፈረም። ክስ ከተጀመረ በኋላ ከተስማሙ ደግሞ ስምምነቱን ለችሎቱ አቅርበው ያስመዝግቡ፤ ያን ጊዜ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጉዳይዎ ወደ ማስማሚያ ማዕከል ሊመራ ይችላል፤ ይህን ዕድል አይናቁት። ዕርቅ ላይ ቁጭ ብለውም ይርጋው መቆጠሩን አያቆምም።

8. ክሱ ሲቀርብ

የት? በአዲስ አበባና በድሬዳዋ እስከ 10 ሚሊዮን ብር የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ በላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት (አዋጅ ቁጥር 1234/2013)። በክልል የክልሉ ፍርድ ቤቶች። የማይንቀሳቀስ ንብረት ክስ ንብረቱ ባለበት ቦታ፣ የውል ክስ ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ይቀርባል።

አቤቱታው የግራ ቀኙን አድራሻ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን ያለው ለምን እንደሆነ፣ የሆነውን ነገር በቅደም ተከተል፣ የሚጠየቀውን ዳኝነት ይይዛል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 223 መሠረት የምስክሮች ሙሉ ስም፣ አድራሻና የሚመሰክሩት ጭብጥ፣ የሰነዶችም ዝርዝር አብሮ ይያያዛል። ያልዘረዘሩትን ማስረጃ በኋላ ማስገባት አስቸጋሪ ነው። ኮፒው በተከሳሾች ቁጥር ልክ፣ ለፍርድ ቤቱም አንድ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካልቻሉ በድሃ ደንብ እንዲታይልዎ ማመልከት ይችላሉ (ቁጥር 467)።

የተፈረመ ብድር ወይም ቼክ ይዘው የታወቀ መጠን ያለው ገንዘብ የሚጠይቁ ከሆነ በቁጥር 284 መሠረት ክሱ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ ይጠይቁ። ያን ጊዜ ተከሳሹ ዝም ብሎ መልስ አያቀርብም፤ በቃለ መሐላ አስደግፎ ለመከላከል ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ካልተፈቀደለት ይፈረድበታል።

ተከሳሹ ቤቱን ሊሸጥ ወይም መኪናውን ሊያሸሽ ነው ብለው የሚሰጉ ከሆነ ከክሱ ጋር ወይም ወዲያው በኋላ የእግድ ማመልከቻ ያስገቡ (ቁጥር 151 እና 154)። የቤቱን ቁጥርና ካርታ ወይም የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ይጥቀሱ፤ «ንብረቱ ይታገድልኝ» የሚል ጥቅል ማመልከቻ አያስኬድም። በቃለ መሐላ ይደገፍ።

ቀጠሮ አይቅሩ። ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሽ ከቀረበ ክሱ ሊዘጋ ይችላል፤ በቂ ምክንያት ካለዎ በ1 ወር ውስጥ ያመልክቱ። ተከሳሽ ከቀረ በሌለበት ይታያል። ራስዎ መቅረብ ካልቻሉ ባል፣ ሚስት፣ ወንድም፣ ልጅ፣ አባት፣ እናት፣ አያት ወይም የልጅ ልጅ በውክልና ሊቀርብልዎ ይችላል (ቁጥር 58)።

ፍርዱ ካልተስማማዎ ይግባኝ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ነው። የፍርድ ግልባጭ በዚያው ሳምንት ይጠይቁ፤ ቀኑ ግልባጭ እስኪጻፍ አይጠብቅም።

ከፈረዱልዎ ደግሞ ባለዕዳው በፈቃዱ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ በተለየ ማመልከቻ ይከፈታል። እዚህ ላይ የፍርድ ባለመብቱ ነው ንብረቱን የሚያመላክተው፦ የትኛው ባንክ፣ የትኛው መኪና፣ የትኛው ቤት፣ ደመወዙ ከየትኛው መሥሪያ ቤት። ስለዚህ ክሱ እየተካሄደ እያለ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የንግድ ፈቃዱን ስም፣ ክፍያ የፈጸመበትን የባንክ ሂሳብ በዚያችው በአንድ ገጽ ወረቀት ጀርባ ላይ እየጻፉ ይቆዩ።